ስለ ፎንቴንብሎ ከተማና በዚያ ስለሚሰጠው የንግድ አስተዳደር ትምህርት

ፎንቴንብሎ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሰፊ ዱር መካከል የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በፓሪስ ጋር ደ ልዮን ከሚባለው ጣቢያ በባቡር የተሳፈረ መንገደኛ 40 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ይደርስባታል። የታላቁ ከተማ ጩኸት እያነሰ፣ የቤቱም ብዛት እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ በግራና በቀኝ ከዛፍ በቀር ሌላ የሚታይ ነገር አይኖርም። እኛም የደረስንበት ጊዜ በኤውሮፓ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአገራችን ደግሞ የዐቢይ ጾም የተያዘበት ወራት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን ይወቁልን።)

ወደዚህች ከተማ ያመጣን የእኅታችን ልጅ ነው። ይህ ወጣት ዕድሜው 31 ዓመት ሲሆን በአዲስ አበባ ከአባቱ ጋር የቡና ንግድ ይሠራ ነበር፤ ከጅማና ከሲዳማ ቡና እየገዙ፣ አስበጥረውና አስለቅመው ወደ ውጭ አገር የሚልኩበት መጋዘን አላቸው። በመጋዘኑም 60 የሚያህሉ ሠራተኞች ይታዘዙት ነበር። ይህን ሁሉ ትቶ ለንግድ አስተዳደር ትምህርት ወደ ፈረንሳይ አገር እሄዳለሁ ባለ ጊዜ በቤተ ዘመዱ መካከል ብዙ ክርክር ተነሣ። አባቱ፣ ንግድን እኔ ካላስተማርሁት ማን ሊያስተምረው ነው አሉ። እናቱ ግን ስለ ትምህርቱ አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ የሄደ እንደ ሆነ አይመለስም ብላ አለቀሰች እንጂ። እኛም ለሌላ ጉዳይ ወደ ፓሪስ መሄዳችን ስለ ነበረ፣ ነገሩን በዓይናችን አይተን እንድንነግራቸው አደራ ተቀብለን መጣን።

ስለ ዱሩ አስቀድሞ መናገር ይገባል፤ ከተማይቱን ከተማ ያሰኛት እርሱ ነውና። የመንግሥት ይዞታ የሆነው ብቻ ወደ 17,000 ሄክታር ይጠጋል፤ በቀድሞው በእኛ ልክ ከ400 ጋሻ በላይ መሆኑ ነው። ዛፉ ኦክ የሚባለው ጠንካራ እንጨትና ጥድ ይበዛበታል፤ ከሥሩም ያለው አሸዋ እጅግ ነጭና ደቃቅ ስለ ሆነ ለመስተዋት መሥሪያ ይፈለጋል። በየስፍራው ቤት የሚያህሉ ቋጥኞች ተበትነው ይታያሉ። የነገሥታት አደን ስፍራ ስለ ነበረ መጥረቢያ ሳይጨርሰው ቈይቶ፣ በኋላም ባርቢዞን በምትባለው መንደር ይኖሩ የነበሩ ሠዓሊዎች ዛፉ እንዳይቈረጥ ስለ ተሟገቱ በ1861 ከዱሩ ከፊሉ በአዋጅ ተከልሏል። ደንኩር የሚባል በናፖሌዎን ጊዜ ወታደር የነበረ ሰው ደግሞ ከ1842 ጀምሮ በዱሩ ውስጥ የእግር መንገድ እየጠረገ፣ ሰው እንዳይጠፋበት በቋጥኙና በዛፉ ላይ ሰማያዊ ምልክት ያደርግ ነበር። ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው፤ ሰማያዊው ምልክት ግን ዛሬም እየታደሰ መንገደኛውን ይመራል።

በከተማይቱ መካከል የፈረንሳይ ነገሥታት ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ ከ1528 ጀምሮ ከኢጣልያ ሠዓሊዎችን አስመጥቶ አሠራው፤ ከእርሱም በኋላ የነገሡት ብዙዎቹ አንድ ክፍል ወይም አንድ ደጅ ሳይጨምሩበት አላለፉም። እኛን ከሁሉ ይልቅ ያቆመን በሰፊው አደባባይ ፊት ያለው፣ እንደ ፈረስ ጫማ ብረት በሁለት ወገን የተቈለመመው የድንጋይ ደረጃ ነው። ናፖሌዎን መንግሥቱን ከለቀቀ በኋላ ሚያዝያ 20 ቀን 1814 ዓ.ም. ከዚህ ደረጃ ወርዶ አሮጌ ዘበኞቹን ተሰናበተና ወደ ኤልባ ደሴት ሄደ። መልቀቂያውን የፈረመባት ጠረጴዛ ክብ ናት፤ ትንሽነቷ ያስደንቃል፤ በአገራችን የቡና ሲኒ ማቅረቢያ ከሚሆነው ጠረጴዛ አትበልጥም። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የሮማው ጳጳስ ፒዩስ 7ኛ በዚህ ቤት ሁለት ጊዜ አድረዋል፤ በ1804 ናፖሌዎንን ሊያነግሡ ሲመጡ በእንግድነት፣ ከ1812 እስከ 1814 ደግሞ በግዞት።

አሁን ወደ መጣንበት ነገር እንመለስ፤ የንግድ አስተዳደር ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በዚሁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነውና።

ጆርጅ ዶርዮ በ1899 በፓሪስ የተወለደ ፈረንሳዊ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1921 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገረና ሐርቫርድ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ በንግድ ትምህርት ቤቱ ገባ። ይህ የሐርቫርድ ትምህርት ቤት በ1908 የተመሠረተ ሲሆን፣ ዛሬ በዓለም ሁሉ ኤም ቢ ኤ እየተባለ የሚጠራውን የንግድ አስተዳደር ማዕርግ መጀመሪያ የሰጠ እርሱ ነው። ዶርዮ በዚያ ከ1926 እስከ 1966 አስተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በአሜሪካ ጦር ውስጥ የጄኔራልነት ማዕርግ ደረሰ። ገንዘብ የሌላቸውን ነገር ግን ብልኅ አሳብ ያላቸውን ሰዎች በአክስዮን የሚረዳ ማኅበር በ1946 አቋቋመ። ይህም ማኅበር በ1957 ዲጂታል ለተባለ አዲስ የኮምፒዩተር ፋብሪካ 70,000 ዶላር አዋጥቶ እጅግ ብዙ እጥፍ ትርፍ እንዳገኘበት የታወቀ ነው።

በ1957 ስድስት የኤውሮፓ መንግሥታት በሮማ ተሰብስበው የጋራ ገበያ ውል ተፈራረሙ። ከ12 ዓመት በፊት እርስ በርሳቸው ሲጨራረሱ የነበሩ ሕዝቦች ገበያቸውን አንድ ሊያደርጉ ነው። ታዲያ ጀርመኑንና ፈረንሳዩን በአንድ መሥሪያ ቤት የሚያሠራ ሹም ከወዴት ይምጣ? በዚያው ዓመት ዶርዮ ሁለት ወጣት ፈረንሳውያንን ክሎድ ዣንሰንንና ኦሊቪዬ ዢስካር ዴስተንን ይዞ፣ በፓሪስ የንግድ ምክር ቤት ድጋፍ ዛሬ ኢንሴያድ የሚባለውን ትምህርት ቤት መሠረተ። ትምህርቱም በመስከረም 1959 በቤተ መንግሥቱ አዳራሾች ተጀመረ። በዚያን ጊዜ ተማሪው ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ሦስቱንም እንዲያውቅ ይፈለግ ነበር። በ1967 ትምህርት ቤቱ በዱሩ ዳር ወደ ተሠራለት ስፍራ ተዛወረ፤ ሴቶች ተማሪዎችም መጀመሪያ የገቡት በዚሁ ዓመት ነው። ከዚያም በኋላ በ2000 በሲንጋፖር ሌላ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ ሊማር ይችላል። ማስተማሪያው ቋንቋ ዛሬ እንግሊዝኛ ነው።

ምናልባት ከአንባቢዎቻችን አንዳንዱ፣ ለንግድ ደግሞ ትምህርት ቤት ምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። በአገራችን በቀድሞ ዘመን የባላባት ልጅ ጦርና ጋሻ፣ የካህን ልጅ ዳዊትና ቅኔ ሲይዝ፣ ሚዛንና ክንድ የሚይዘው እስላሙ ነጋዴ፣ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ህንዱና ዓረቡ ነበር። ይህን የናቅነውን ሥራ መናቃችን ምን እንዳስከፈለን ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ አስቀድመው አይተውታል። እርሳቸው በኤውሮፓ የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ በ1924 የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፋቸው፣ ጥሬ ዕቃ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ ሀብቱ እንዴት እየጐደለ እንደሚሄድ ያስረዳል። የእኅታችን ልጅ መጽሐፉን ከአልጋው ራስጌ አኑሮት አይተናል።

ትምህርቱ 10 ወር ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን በዚህ ያህል ጊዜ ስለሚጨርሱት ጥድፊያው ከባድ ነው። በአምስት ክፍለ ጊዜ ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ሁለት ወር ያህል ነው። የሒሳብ አያያዝ፣ የገንዘብ አስተዳደር፣ የገበያ ጥናት፣ የዕቃ አሠራርና አመላለስ፣ ሰውን የማሠራት ዘዴ ይማራሉ። ተማሪዎቹም ከኰሌጅ በቀጥታ የመጡ ልጆች አይደሉም፤ አብዛኛዎቹ በየአገራቸው ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ አንዳንዶቹም ሰው አዝዘው የመጡ ናቸው።

እኛም አስተማሪው ፈቅደውልን በአንድ ቀን ትምህርት በኋለኛው ወንበር ተቀመጥን። ክፍሉ እንደ ግማሽ ክብ ሆኖ ወንበሩ ከታች ወደ ላይ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ስሙን በትልቅ ፊደል ጽፎ ከፊቱ ያኖራል። የዕለቱ ትምህርት ስለ አንድ የጫማ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ሁለት መሥሪያ ስፍራ አለው፤ አንዱ አሮጌና ብዙ ወጪ የሚያስወጣ ነው፤ የፋብሪካውም ሹም ይዝጋው ወይስ አይዝጋው የሚለውን በሦስት ሳምንት ውስጥ መወሰን አለበት። ተማሪዎቹ ይህን በሌሊት አንብበውት መጥተዋል። አስተማሪው እንደ ሌላው መምህር ቆመው ማስረዳት የሚጀምሩ መስሎን ብንጠብቅ፣ በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠውን ወጣት በስሙ ጠርተው፣ አንተ ሹሙ ብትሆን ነገ ጠዋት ምን ታደርጋለህ ብለው ጠየቁና ዝም አሉ። ወጣቱ ይዘጋ አለ፤ ሒሳቡንም በሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረዳ። እኛም ሒሳቡን ተከትለን እውነት ነው ብለን ነበር። ከዚህ በኋላ ከላይኛው ረድፍ አንዲት ወጣት እጅዋን አንሥታ፣ መዘጋቱን ለሠራተኞቹ የሚነግራቸው ማን ነው፣ በየትኛውስ ቀን ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስስ ጫማውን በደንብ የሚሰፋው ማን ነው አለች። ክፍሉ ዝም አለ። ሒሳቡ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ሲከራከሩ አስተማሪው የተናገሩት ቃል ተሰብስቦ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። በመጨረሻም ትክክለኛው ይህ ነው ሳይሉ ሰዓታቸውን አይተው ወጡ። በእኛ በኩል ይህ አወጣጣቸው ቅር ሳያሰኘን አልቀረም፤ ዳኛ ችሎት ላይ ተቀምጦ ፍርድ ሳይሰጥ የተነሣ መስሎን ነበርና። ተማሪዎቹ ግን በመተላለፊያው ላይ ቆመው ክርክሩን ቀጠሉ።

ከክፍሉ ትምህርት ይልቅ የእኅታችንን ልጅ የለወጠው ግን ጭፍራ ብለን የምንጠራው ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን አምስት አምስት ወይም ስድስት ስድስት አድርጎ ይመድባቸዋል። ተማሪው ባልንጀራውን አይመርጥም፤ አገሩ፣ ሙያውና ጠባዩ የተለያየው ሆን ተብሎ በአንድ ጭፍራ ይገባል፤ በመጀመሪያዎቹም ሁለት ክፍለ ጊዜዎች፣ ማለት አራት ወር ያህል፣ ብዙውን የቤት ሥራ በአንድነት ሠርተው አንድ ማርክ ይቀበላሉ። በእርሱ ጭፍራ አንድ የኮርያ መሐንዲስ፣ በባንክ ትሠራ የነበረች አንዲት ጀርመን፣ አንድ የሊባኖስ ነጋዴ፣ ከብራዚል የመጣች ሐኪምና በባሕር ኃይል ያገለገለ አንድ ፈረንሳዊ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ልጃችን በዕድሜ ታላቃቸው መሆኑን አይቶ በጠረጴዛው ራስ ተቀመጠና ለእያንዳንዳቸው ሥራ አከፋፈለ። በአዲስ አበባ እንዲህ ቢያደርግ ሁሉም ጌታዬ እሺ ብሎ ይነሣ ነበር። ጀርመኒቱ ግን በክፋት ሳይሆን እንዲሁ ለማወቅ ፈልጋ፣ ስለ ምን እንዲህ አከፋፈልኸው ብላ ጠየቀችው። ምክንያቱን ፈልጎ አጣው። «በሕይወቴ ስለ ምን ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ምክንያት የማዘጋጀት ልማድ አልነበረኝም» አለን። አዘነ፤ ከዚያም ዝም አለ። ሁለት ሳምንት ያህል ከእነርሱ ጋር እየተቀመጠ ሳይናገር ቈየ።

በዚህ መካከል ዕቃ በመርከብ ስለሚልክ አንድ ንግድ ቤት የሚጽፉት ሥራ መጣ። ባልንጀሮቹ ሒሳቡን ሲያወጡ ዕቃው በወደብ ተቀምጦ የሚቈይበትን ጊዜ፣ ገንዘቡም ታስሮ የሚወልደውን ወለድ ረሱት። እርሱ ቡናው በጂቡቲ ወደብ ሲዘገይ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሰው ነውና ስሕተቱን ወዲያው አየው። አየና ዝም አለ። ሥራውም ዝቅተኛ ማርክ አገኘ።

በትምህርቱ ሥርዓት ጭፍራው ከአንድ አማካሪ ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱ የባልንጀራውን መልካሙንና ጕድለቱን ፊት ለፊት የሚናገርበት ቀን አለ። ተራው በደረሰ ጊዜ ስለ ዕቃው ሒሳብ እውነቱን ነገራቸው። እነርሱም ይቈጡኛል ሲል፣ ብራዚላዊቱ ሐኪም፣ የጐዳን ትእዛዝህ ሳይሆን ዝምታህ ነው፤ ትእዛዝ ቢሆን እንከራከርህ ነበር፤ ከዝምታ ጋር ግን በምን እንከራከራለን አለችው። እርሱም ይህ ነገር በአገሬ ቋንቋ ስም አለው፤ ኩርፊያ ይባላል አላቸው። በእንግሊዝኛ ልክ የሚሆን ቃል አጥቶ በብዙ ምሳሌ አስረዳቸው፤ ባል ከሚስቱ፣ አለቃ ከጸሐፊው፣ አባት ከልጁ እንዴት እንደሚያኰርፍ። በጣም ወደዱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከስድስቱ አንዱ ዝም ሲል ኮርያው መሐንዲስ፣ ኩርፊያ ነው ወይ እያለ ይጠይቃል። እኛም ከእነርሱ ጋር እራት በበላንበት ምሽት ይህ የአማርኛ ቃል በስድስት ዓይነት አነጋገር ሲጠራ ሰምተን ብዙ ሳቅን።

ሳቃችን ካለፈ በኋላ ግን ወደ ማረፊያችን ስንመለስ ነገሩን አሰብነው። በመሥሪያ ቤቶቻችን ስንት ደብዳቤ በኩርፊያ ምክንያት በጠረጴዛ ላይ አድሯል! አለቃ ሲያኰርፍ የበታቹ በምን እንዳጠፋ ስለማያውቅ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ከዚያ በኋላ ምንም አለማድረግ ነው። ይህም ወጣት 60 ሰው ሲያዝዝ የኖረ ሲሆን፣ ከ60ው አንዱ እንኳ ዝምታው እንደሚጐዳው ሊነግረው አልደፈረም። ስሙን በትክክል መጥራት የማይችሉ አምስት ባዕዳን ግን በአራት ወር ነገሩት። አባቱ፣ ንግድን እኔ አስተምረዋለሁ ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ይህን ግን ሊያስተምሩት አይችሉም ነበር፤ በእርሳቸው ፊት እርሱም ከ60ዎቹ አንዱ ነውና።

ስለ ኑሮው እናቶች መጠየቃቸው ስለማይቀር ጥቂት እንጨምር። ተማሪዎቹ በከተማይቱና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች አራትና አምስት እየሆኑ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። የእኅታችን ልጅ የሚኖርባት መንደር ሳምዋ ትባላለች፤ በሴን ወንዝ ዳር ያለች ጸጥተኛ ስፍራ ናት፤ ስመ ጥሩው የጊታር ተጫዋች ጃንጎ ራይንሃርት የመጨረሻ ዘመኑን በዚህች መንደር ኖሮ በ1953 ሞተ። ቤቱ አሮጌ ነው፤ ክረምት ሲሆን ይበርዳል፤ እናቱ የላከችለት ጋቢ ብዙ ጠቅሞታል። በከተማይቱ ስም ፎንቴንብሎ ተብሎ የሚጠራ ምግብ አለ፤ ትኩስ አይብ ከተመታ የወተት ስልባቦት ጋር ተቀላቅሎ በስስ ሻሽ ይቀርባል። እኛ በጾም ምክንያት ልንቀምሰው አልቻልንም፤ መልኩ ግን ደስ ያሰኛል። ልጃችንም ጾሙን ይዟል። የቤት ባልንጀሮቹ ሥጋና ወተት ትቶ 55 ቀን መቈየቱን መጀመሪያ እንደ ሕመም ቈጥረውት ነበር አሉ፤ ኋላ ግን ሽሮው ሲወጠወጥ ሽታው ጠራቸውና ረቡዕ ረቡዕ አብረውት መብላት ጀመሩ። ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣው ሽሮና በርበሬ ለአንድ ሰው ታስቦ ስለ ነበረ ፋሲካ ሳይደርስ ሊያልቅ ነው፤ ይህንን ለእኅታችን እንድንነግርለት አደራ ብሎናል።

ከዚህ በኋላ የሚከብደውን ነገር እንናገር። የትምህርቱ ዋጋ ብቻ 100,000 ዩሮ ያህል ነው፤ ቤት፣ ምግብና መንገድ ከዚህ በላይ ነው። ልጃችን ግማሹን ከራሱ ቍጠባና ከአባቱ አገኘ፤ ግማሹን ተበደረ። የተማረ እንደ ሆነ በደመወዙ ይከፍላል በማለት ለእንደዚህ ያለ ተማሪ የሚያበድሩ ማኅበሮች አሉ። ዕዳው ግን በዩሮ ነው፤ በአገሩ የሚያገኘው በብር ነው። እንግዲህ እናቱ የሄደ እንደ ሆነ አይመለስም ብላ ያለቀሰችው በአንጀቷ እንጂ በሒሳብ አልነበረም፤ ሒሳቡ ግን ከእርስዋ ጋር ይስማማል። የሚመረቁት ብዙዎቹ ዕዳቸውን እስኪጨርሱ በለንደን ወይም በዱባይ ወይም በሲንጋፖር ይቀጠራሉ፤ በዚህ መካከል ያገባሉ፣ ልጅ ይወልዳሉ፣ ልጁም ትምህርት ቤት ይገባል። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ነገሩ የሚሄድበት መንገድ ነው። ልጁን የሚልክ ቤተ ሰብ ስለ ትምህርቱ ከመከራከሩ በፊት ዕዳው በምን ገንዘብ እንደሚከፈል ቢነጋገር ይሻላል እንላለን።

ከዚሁ ትምህርት ቤት ስለ ወጣ አንድ አፍሪካዊ ደግሞ ማንሣት ያስፈልጋል። ቲጃን ቲያም የአይቮሪ ኮስት ሰው ነው፤ በፓሪስ ታላላቅ ትምህርት ቤቶች ተምሮ በ1988 ከኢንሴያድ ማዕርጉን ተቀበለ። በ1994 ወደ አገሩ ተመልሶ የመንግሥቱን የልማት ሥራ ጥናት መሥሪያ ቤት መራ፤ ሚኒስትርም ሆነ። በታኅሣሥ 1999 ወታደሮች መንግሥቱን ሲገለብጡ ግን ሥራው ቀረና እንደ ገና ወደ ኤውሮፓ ሄደ። በዚያም በ2009 የእንግሊዝ ታላቅ የኢንሹራንስ ማኅበር የሆነውን ፕሩደንሻልን፣ በ2015 ክሬዲ ስዊስ የተባለውን የስዊስ ባንክ ለመምራት በቃ፤ በለንደን ገበያ ከታወቁት 100 ታላላቅ ማኅበሮች አንዱን የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እርሱ ነው። ከባንኩ በ2020 ከወጣ በኋላ ዳግመኛ ወደ አገሩ ተመልሶ የአንድ ታላቅ የፖለቲካ ማኅበር መሪ ሆነ። በ2025 ግን ለፕሬዚዳንትነት ሊወዳደር ሲል፣ በ1987 የፈረንሳይ ዜግነት በመቀበሉ የአገሩን ዜግነት አጥቷል በማለት ፍርድ ቤት ስሙን ከመራጮች መዝገብ ሰረዘው፤ የፈረንሳይን ዜግነት አስቀድሞ መልሶ ነበር፤ አልጠቀመውም። በወጣትነት በተማረበት አገር የተቀበላት ወረቀት ከ38 ዓመት በኋላ በአገሩ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። የእኅታችን ልጅ ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ጭፍራው አንድ ምሽት ሲከራከርበት አድሯል።

እርሱ ራሱ ምን እንዳሰበ በመጨረሻው ቀን በዱሩ ውስጥ በደንኩር መንገድ ስንሄድ ጠየቅነው። እመለሳለሁ ብሎ አልማለልንም፤ አልመለስም ብሎም አላሳዘነን። ይልቁንም ለአባቱ የጻፈውን ደብዳቤ አሳየን። በደብዳቤው ሹመትም ገንዘብም አልጠየቀም። የመጋዘኑን የሦስት ዓመት ሒሳብ እንዲልኩለት ለመነ፤ ከዚያም ጋር በመጋዘኑ ከ20 ዓመት በላይ ያገለገሉት የመጋዘን ኃላፊ በሥራው ላይ የሚታያቸውን ጕድለት፣ የእርሱንም የአባቱንም ጨምረው፣ ማንም ሳያርመው በእጃቸው ጽፈው እንዲያኖሩበት ጠየቀ። የሚመለስበትን ቀን የምቈርጠው ያንን ካነበብሁ በኋላ ነው፤ ያ ወረቀት ከመጣ ዕዳውን እዚያው ሆኜ የምከፍልበትን መንገድ እፈልጋለሁ፤ ካልመጣ ግን በምሄድበት መጋዘን እንደ ድሮው ጌታዬ እሺ ከመባል በቀር የምሠራው የለም አለን።

አዲስ አበባ በተመለስን ጊዜ አደራችንን አደረስን። እኅታችን ሽሮውን በዚያው ሳምንት አዘጋጅታ ላከች። አባቱም ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብበው፣ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። የሦስቱን ዓመት ሒሳብ በሁለተኛው ቀን አስገልብጠው ላኩ። የመጋዘኑን ኃላፊ ግን እስካሁን ወደ ቢሮ አላስጠሯቸውም።